ሐይቁ ባዶ አልነበረም

ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ።

በ1970 በሞሮኮ፣ ሳፊ በምትባል የወደብ ከተማ፣ አራት የቦሊቪያ ሰዎች የደንገል ጀልባ ይሠሩ ነበር። አይማራ ከሚባለው ሕዝብ የተወለዱ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ያደጉ ናቸው። በአገራቸው ቶቶራ የሚሉትን የሐይቅ ሣር አስሮ ታንኳ መሥራት ከአባት ከአያት የወረሱት ሙያ ነው። በሳፊ ግን እጃቸው የገባው ቶቶራ አልነበረም፤ ከጣና ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በመርከብ የተጓዘ የእኛው ደንገል ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በጥንታዊ የሣር ጀልባ አትላንቲክን መሻገር እንደሚቻል ለማሳየት ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። ከዓመት በፊት ከቻድ በመጡ ሰዎች ያሠራት የመጀመሪያዋ ጀልባ ባሕሩን ሳትጨርስ ተፈታችበት። ሁለተኛዋን፣ ራ ሁለት የተባለችውን፣ ለቲቲካካ ሰዎች ሰጠ፤ እሷም በ57 ቀን አትላንቲክን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። የጣና ደንገልና የቲቲካካ ሰው እጅ አንድ ጊዜ እንዲህ ተገናኝተዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ሁለቱን ሐይቆች ጎን ለጎን እንድታስቧቸው ብዬ ነው። ስለ ሣሩና ስለ ታንኳው ብዙ ተጽፏል። እኔ ልናገር የመጣሁት ከሣሩ ሥር ስለሚኖረው፣ ብዙ ሰው አይቶ ስለሚያልፈው ፍጥረት ነው።

እነዚህን ዓሦች ሳይንስ ኦሬስቲያስ ይላቸዋል። ስሙ የተወሰደው በግሪክ አፈ ታሪክ በተራራ ላይ ትኖራለች ከምትባል መንፈስ ነው፤ ለተራራ ዓሣ የሚገባ ስም ነው። ኦሬስቲያስ የአንድ ዓሣ ስም አይደለም፤ የአንድ ወገን ስም ነው። በዚህ ወገን ሥር ከ40 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከፔሩ ጀምሮ በቦሊቪያ አልፎ እስከ ሰሜን ቺሊ ባሉ ሐይቆች፣ ጅረቶችና ምንጮች ይኖራሉ። ከዚያ ተራራ ወርዶ በተፈጥሮ ሌላ ቦታ የሚኖር አንድም የለም።

አብዛኞቹ ከሰው ጣት አይበልጡም። ይህ ትንሽነታቸው የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ልጅ ሳለሁ በሐይቅ ዳር ዓሣ ሲራገፍ አይቻለሁ። መረቡ ይዘረጋል፤ ትልቁ ወደ ቅርጫት ይገባል፤ ደቃቁ እዚያው አሸዋ ላይ ይቀራል፤ ወፍ ይለቅመዋል። «ይሄ ምን ይባላል?» ብዬ አንዱን አጥማጅ ጠየቅሁት። «እሱማ ምንም አይደል፤ ደቃቅ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለቤቱ እንጀራ የሚሆነውን ነው የሚፈልገው። ነገር ግን «ምንም አይደል» የተባለው ነገር በኋላ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ከቲቲካካ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቲቲካካ በፔሩና በቦሊቪያ ድንበር ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,810 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ፣ ጣናን በጣና ላይ ብትደርቡት እንኳ ቲቲካካ ላይ አትደርሱም። ስፋቱ ከ8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ በዋናው ክፍል 280 ሜትር ይደርሳል። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን ትንሽ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ዓይነት ዓሣ አይገኝም። ሰው ሌላ ዓሣ ከማምጣቱ በፊት በቲቲካካ የነበሩት የዓሣ ወገኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ የሆነው ትሪኮሚክተረስ፣ ሁለተኛው ኦሬስቲያስ።

ሁለት ወገን ብቻ ሲባል ሐይቁ ድሃ የሆነ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ኦሬስቲያስ ሌላ ዓሣ የሌለበትን ሰፊ ቤት ለራሱ ልጆች አከፋፍሎ ሰጥቷል። በዳርቻው በቶቶራው መካከል የሚኖር፣ ሰውነቱ ወፍራም፣ ራሱ ትልቅ፣ ጀርባው ላይ እንደ ጥሩር ያለ ቅርፊት የደረበ አለ፤ ቀንድ አውጣና የውሃ ነፍሳት ይበላል። በገላጣው ውሃ ላይ በመንጋ የሚሄድ፣ ቀጭን፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ አለ፤ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ፍጥረታትን ይለቅማል። ሌሎቹን የሚያሳድድና የሚበላም ነበረ። በቲቲካካ ተፋሰስ ብቻ ከ20 በላይ ዝርያዎች ተለይተዋል። የዘር ምርመራ ሲደረግላቸው እርስ በርስ እጅግ የተቀራረቡ ሆነው ይገኛሉ፤ ከአንድ አባት ወጥተው ሥራ የተከፋፈሉ ወንድማማቾች ማለት ነው። የዝርያዎቹ ልክ ስንት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1984 አሜሪካዊቷ ሊን ፓሬንቲ ወገኑን በሙሉ መርምራ 43 ዝርያዎችን ቆጠረች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተጨምረዋል።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ የሰውነት ምልክት አለ። ዓሣ በአብዛኛው በደረቱ አንድ ጥንድ፣ በሆዱ አንድ ጥንድ ክንፎች አሉት። ኦሬስቲያስ የሆዱ ክንፎች የሉትም። ቅርፊቱም እንደ ሌላው ዓሣ ዳር እስከ ዳር አልተደረደረም፤ እዚህ ገላጣ፣ እዚያ ወፍራም ነው። መጽሐፍ ሳያገላብጥ አንዱን በእጁ ይዞ የሚለይ ሰው የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ አይማራዎቹ፣ ኬችዋዎቹ፣ ከቶቶራ በተሠራ ተንሳፋፊ ደሴት ላይ የሚኖሩት ኡሮሶችም፣ ለእነዚህ ዓሦች ከሳይንስ በፊት ስም ነበራቸው። በገላጣው ውሃ በመንጋ የሚሄደው ትንሹ ኢስፒ ይባላል። በዳርቻው የሚኖሩት ካራቺ ናቸው፤ ቢጫው ካራቺና ግራጫው ካራቺ እያሉ ይለዩአቸዋል። ወፈር ያለው ቦጋ ነው። ትልቁ፣ ሌሎቹን የሚበላው ኡማንቶ ነው። ኢስፒ በዘይት ተጠብሶ ከነራሱ ከነአጥንቱ ይበላል። ካራቺ ዋላኬ የሚባል ሾርባ ይሠራበታል፤ በውርጭና በፀሐይ ካደረቁት ድንች፣ ከቹኞ ጋር ይቀርባል። ድንች በዚያ አካባቢ የተገኘ ሰብል ነው፤ እኛም ዛሬ የምንበላው ከዚያ የመጣውን ነው። በዚያ ከፍታ እህሉ ውሱን፣ ሥጋው ውድ በሆነበት አገር፣ እነዚህ «ደቃቅ» ዓሦች የሕፃናት ሥጋ፣ የድሃ ወጥ ነበሩ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጆሴፍ ፔንትላንድ የሚባል የአየርላንድ ሰው በአንዲስ ሲዘዋወር ከሐይቁ ዓሦች ጥቂቱን ወደ አውሮፓ ላከ። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የነበረው አሺል ቫላንሲየን ተቀብሎ መረመራቸውና በ1839 ኦሬስቲያስ የሚለውን ስም አወጣላቸው። ቦጋን ለላኪው ክብር ኦሬስቲያስ ፔንትላንዲ አለው። ትልቁን ኡማንቶን ደግሞ አብሮት ለሠራውና ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሞተው ለታላቁ ሊቅ ለጆርጅ ኩቪዬ መታሰቢያ አደረገው፤ ኦሬስቲያስ ኩቪዬሪ ተባለ።

ኡማንቶ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ ከወገኑ ሁሉ ትልቁ ነው። ራሱ የሰውነቱን ሲሶ ሊያህል ይቃረባል፤ አፉ ወደ ላይ የቀና ስለሆነ ግንባሩ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይመስላል። ትንንሽ ዘመዶቹን እያሳደደ ይይዛቸው ነበር። በሌላ ሐይቅ ይህን ሥራ የሚሠራው ሌላ ወገን ዓሣ ነው፤ በቲቲካካ ግን ከዚያው ከትንንሾቹ ቤት የወጣ አዳኝ ነበረ። ለእኔ ከወገኑ ሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ደግሞም ዛሬ የለም።

እንዴት ጠፋ? በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐይቁ ትልቅ ሆኖ ሳለ የሚረባ ዓሣ የለበትም ተብሎ ተወሰነ። በመረብ ሲመዘን ትንሽ፣ በገበያ ሲጠየቅ ርካሽ የሆነ ዓሣ ብቻ ነው ያለው ተባለ። ከሰሜን አሜሪካ በመጣ ምክርና በመጣ እንቁላል ትራውት የሚባል ዓሣ በሐይቁና በወንዞቹ ተለቀቀ፤ ቀስተ ደመና የሚባለው፣ ቡናማው፣ የሐይቅ ትራውት የሚባለውም። ትራውት ትልቅ፣ ፈጣን፣ ሥጋ በል ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ ፔሄሬይ የሚባል የአርጀንቲና ዓሣ ከቲቲካካ በታች ባለው በፖኦፖ ሐይቅ ተለቀቀ። ፔሄሬይ ግን እዚያ አልቀረም፤ ሁለቱን ሐይቆች በሚያገናኘው በዴሳጉዋዴሮ ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ በ1950ዎቹ ቲቲካካ ገባ።

ይህን ያደረጉት ሰዎች ሕዝብ ለመመገብ ነበር ያሰቡት። ስለ እነሱ ስናገር ቁጣ የለብኝም። ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሐይቁን ባዶ አድርገው ቆጠሩት። ለመቶ ዓመት ስሙ በሳይንስ መጽሐፍ የተጻፈ፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመት በሰው ድስት ውስጥ የነበረ ዓሣ ከፊታቸው እያለ አላዩትም። እንግዳው ዓሣ ሲገባ የት ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ የማንን ምግብ ይወስዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በ1960ዎቹ በሐይቁ ዳር የትራውት ማሸጊያ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በጣሳ የታሸገው ዓሣ ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። ተስፋው አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ገደብ በሌለው መረብ የዱር ትራውቱ ተመናመነ፤ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። ዛሬ በቲቲካካ የሚመረተው ትራውት አብዛኛው በሐይቁ ላይ በተዘረጋ የመረብ በረት ውስጥ መኖ እየተሰጠው የሚያድግ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል፤ ይህንን አልክድም። በ1962 በተደረገ ፍለጋ ግን አንድም ኡማንቶ አልተገኘም። ከምድር እንደ ጠፋ ይታመናል። ኡማንቶ ይመገባቸው የነበሩትን ትንንሾቹን የሚበላ ሌላ መጣ፤ የኡማንቶም ምግብ ተሻሚ በዛበት። ቦጋም ከዚያ ወዲህ ጥቂት ሆነ፤ በአንድ ወቅት በብዛት ይወጣ የነበረው ዓሣ ዛሬ በገበያ ማየት ብርቅ ነው።

ሌላም ነገር ደረሰ። በ1981 መጨረሻ ሐይቁ ዳር የሞተ ዓሣ ተከመረ። ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ ነበር፤ በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ይገባና ነጫጭ ነጠብጣብ ይሠራል፤ በቤታቸው በመስታወት ሳጥን ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች የነጭ ነጥብ በሽታ ይሉታል። ነገሩን የመረመሩት ሳይንቲስቶች ያለቀውን ዓሣ 18 ሚሊዮን ያህል ገመቱት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦሬስቲያስ፣ አብዛኛውም ግራጫው ካራቺ ነበር። እስቲ ይህን ቁጥር ያዙልኝ። «የሚረባ ዓሣ የለበትም» የተባለ ሐይቅ ነው ይህ።

ትንሽ ዓሣ ሲጎድል የሚጎድለው እሱ ብቻ አይደለም። በቲቲካካ መብረር የማትችል አንዲት የውሃ ወፍ አለች፤ ክንፏ አጭር ነው፣ ሰው ሲቀርባት በውሃው ላይ እየሮጠች ትሸሻለች፣ አለዚያም ትጠልቃለች። በዓለም ላይ ያለችው በዚያ ሐይቅና በአጎራባቾቹ ብቻ ነው። ምግቧ ከሞላ ጎደል ኦሬስቲያስ ነው። ዓሣው ሲያንስባት፣ ለዓሣ በተዘረጋ ናይለን መረብም እየተጠለፈች ስትሰጥም፣ ቁጥሯ በእጅጉ ወርዶ እሷም መጥፋት ከሚያሰጋቸው ተርታ ገብታለች። በሌላ ቦታ ዓሣ ሲጠፋ ወፏ በርራ ወደ ሌላ ውሃ ትሄዳለች። ይህች ወዴት ትሂድ?

የሐይቁ ተፈጥሮ ራሱ ችግሩን ያባብሰዋል። ወደ ቲቲካካ ከሚገባው ውሃ አብዛኛው፣ ከመቶ 90 የሚሆነው፣ የሚወጣው በትነት ነው፤ በወንዝ የሚፈስሰው ጥቂት ነው። ውሃው ይተናል፤ አብሮት የገባው ቆሻሻ ግን ይቀራል። ከላይ ያለችው የቦሊቪያ ከተማ ኤል አልቶ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ መኖሪያ ሆነች፤ ፍሳሿ በካታሪ ወንዝ ወርዶ የሐይቁ ትንሹና ጥልቀት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ኮሃና በሚባለው ባሕር ሰላጤ ይገባል። በ2015 ያ የሐይቁ ክፍል በአረንጓዴ አልጌ ተሸፈነ፤ ኦክሲጅኑ አለቀ፤ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ወፍ በአንድነት ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዴሳጉዋዴሮ ወንዝ የሚደርስበት የፖኦፖ ሐይቅ ሙሉ በሙሉ ደረቀ ተብሎ ታወጀ። በዳሩ ለትውልዶች በዓሣ ይኖር የነበረው የኡሩ ሕዝብ ታንኳውን በተሰነጠቀ ጭቃ ላይ ትቶ ሥራ ፍለጋ ተሰደደ።

እስከ አሁን ያወራሁት ስለ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነው። ከቲቲካካ ወደ ደቡብ ያለው ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ለእኔም ተስፋ የሰጠኝ እሱ ነው።

ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ የበረዶ ዘመን ሲያበቃ አካባቢ፣ የአንዲስ አምባ ዛሬ ጨው በሆኑ ሜዳዎች ላይ ሰፋፊ ሐይቆች ነበሩበት። ዓለም የሚያውቀው የኡዩኒ የጨው ሜዳ ያኔ የሐይቅ ወለል ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቆቹ እየደረቁ ሄዱ፤ ዓሦቹ ከመጨረሻው ውሃ ጋር ወደ ምንጮቹ ተሰበሰቡ። ዛሬ በሰሜን ቺሊ በአስኮታን የጨው ሜዳ ዳር፣ በ3,700 ሜትር ከፍታ፣ በጨው መካከል የሚፈልቁ ትንንሽ ምንጮች አሉ፤ ዙሪያቸው በረሃ ነው። በእነዚያ ምንጮች ውስጥ ኦሬስቲያስ አስኮታኔንሲስ ይኖራል። ፓሬንቲ ስሙን የሰጠችው በዚያው በ1984 ነው። አንዱ ምንጭ ከሌላው በኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ጨውን ተሻግሮ የሚሄድ ዓሣ የለም፤ ስለዚህ የየምንጩ ዓሣ በዘሩ ለየት እያለ ሄዷል። በአጠገቡ ባለው በካርኮቴ የጨው ሜዳም የቺሊዋ ሊቅ ኢርማ ቪላና ባልደረቦቿ በ2011 ሌላ ዝርያ አገኙ፤ ኦሬስቲያስ ግሎሪዬ አሉት። የአስኮታን አካባቢ ግን የመዳብ አገር ነው፤ የማዕድን ሥራ ውሃ ይፈልጋል፤ ከከርሰ ምድር ውሃ በተሳበ ቁጥር የምንጩ ልክ ይወርዳል። በዚያ ያለ ዓሣ ዓለሙ በሙሉ ከአንድ የእህል አውድማ የማይሰፋ ውሃ ነው። ውሃው አንድ ክንድ ሲቀንስ ለኛ ምንም አይደለም፤ ለእሱ አገሩ ነው የተወሰደው።

አሁን ወደ ቹንጋራ ላምጣችሁ። ቹንጋራ በሰሜን ቺሊ ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ የራስ ዳሸንን ጫፍ አስቡ፣ እዚያ ላይ ሐይቅ ተንጣልሎ። የተፈጠረው ፓሪናኮታ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ወገቡ ተንዶ ወንዝ ሲዘጋ ነው። ከታች፣ በአሪካ ከተማ አጠገብ፣ አሳፓ የሚባል ለም ግን ውሃ የጠማው ሸለቆ አለ። የአገሩ የመስኖ መሥሪያ ቤት የቹንጋራን ውሃ በቱቦ ስቦ ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ለማዋል ተነሣ። ሐይቁ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ጥልቀቱ በብዙ ቦታ ትንሽ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ሲወርድ ዳርቻው፣ የዓሣው መራቢያና የወፉ መኖ ያለበት ረግረግ፣ አብሮ ይደርቃል። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ጊዜው ወታደራዊ መንግሥት አገሩን የሚገዛበት ዘመን ነበር። ቢሆንም የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1985 ውሃው እንዳይሳብ ወሰነ። ዜጎች ከብክለት ነጻ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ተፈጥሮንም ይጠብቃል ብሎ ተረጎመው። ያ ፍርድ ዛሬ በቺሊ የአካባቢ ሕግ ትምህርት ላይ በመጀመሪያ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

በጣም የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ፍርዱ በተሰጠ በዓመቱ፣ በ1986፣ ኢርማ ቪላና ባልደረባዋ የዚያን ሐይቅ ዓሣ መርምረው እስከዚያ ያልተመዘገበ ዝርያ መሆኑን አሳወቁ፤ ኦሬስቲያስ ቹንጋሬንሲስ ብለው ሰየሙት። ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም የትም የለም። ዳኞቹ ሐይቁን ሲያድኑ በሳይንስ መዝገብ ስም እንኳ ያልነበረውን ዓሣ አብረው አድነዋል። ውሃው በቱቦ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዓሣው ሳይጠራ ይጠፋ ነበር፤ መጥፋቱንም የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ቲቲካካ ላይ ስም ያለው ዓሣ ጠፋ፤ ቹንጋራ ላይ ስም የሌለው ዳነ። ልዩነቱን ያመጣው የዓሣው ጥንካሬ አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን ናቸው። አንዱ ቦታ ላይ ሰዎች ውሃውን ከመንካታቸው በፊት «በውስጡ ያለው ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ፤ ሌላው ቦታ ላይ አልጠየቁም። በቲቲካካም ቢሆን ዛሬ ጥያቄው ተነሥቷል፤ በፔሩ በኩል የምርምር ሰዎች የካራቺን፣ የቦጋንና የኢስፒን እንቁላል በሰው እጅ አዳቅለው ጫጩቶቹን ወደ ሐይቁ ይመልሳሉ። ሥራው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ፍሳሹ ቢጣራና የመረቡ ቀዳዳ ቢሰፋ ይሻላል ከሚሉት ጋር ነኝ። ለታመመ ሐይቅ ጫጩት መጨመር ቤቱ እየነደደ እንግዳ መጥራት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባለው ዓሣ ብዙ ዓይነት አለ። ለረጅም ጊዜ በሳይንስ መጽሐፍ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠር ነበር፤ መልኩ ይለያያል እንጂ አንድ ነው ይባል ነበር። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ሊቃውንት በሐይቁ ላይ ሆነው በጥንቃቄ ሲመረምሩት 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከእነሱ ብዙዎቹ ሌላውን ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በባርበስ ዘመዶች ዘንድ የተለመደ አይደለም። እንደ ኦሬስቲያስ ሁሉ እነሱም ከአንድ ቤት ወጥተው ሥራ የተከፋፈሉ ናቸው። ከ1980ዎቹ ወዲህ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ሲገባ፣ በተለይ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ ስለሚያዙ፣ ቁጥራቸው በጣም ወረደ። ትራውትም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚዋኘው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። እኛም «ውሃው ባዶ ነው፤ አንድ ነገር ይጨመርበት» ብለን የምናውቅ ሕዝብ ነን።

ስለዚህ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከዚህ አዳራሽ ከወጣችሁ በኋላ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ አርባ ምንጭ፣ ወይም የትም በውሃ ዳር ብታልፉ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ ጥቂት ቁሙ። ወደ ቅርጫት የሚገባውን ተዉት፤ አሸዋ ላይ የቀረውን ደቃቁን አንሡና ስሙን ጠይቁት። ስም ካለው ጻፉት፤ የት፣ በየትኛው ወር እንደተያዘ አብራችሁ ጻፉ። «ምንም አይደል» ካላችሁም ያንኑ ጻፉና በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ተመራማሪ ስጡት።